መርከቡ ሳይለብስ አጽሙን እዩ

(በአሐድ አል-መሳርሐ በቤት ሠራተኝነት ለምንኖር እኅቶች የተደረገ ንግግር)

እኅቶቼ፣ እንድናገር ስጠየቅ “ምን አውቃለሁና?” ብዬ ነበር። እኔ የማውቀው ማብሰል፣ ማጠብ፣ አዛውንት መጦር ነው። እኅቶች ግን “ያችን መርከብ ንገሪን” አሉኝ። እሺ፣ እሷን ልንገራችሁ።

በምሠራበት ቤት መጅሊሱ ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠች አንዲት የእንጨት መርከብ አለች። ርዝመቷ 31 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ አንድ ምሰሶ የጦር መርከብ ናት፤ በቀኝ 5፣ በግራ 5 መድፍ አላት። እንግዳ ሲመጣ “ባባ ከቢር የሠሯት ናት” ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ባባ ከቢር የማዳም አባት ናቸው። የፈረሳን ደሴት ሰው ናቸው፤ ከጂዛን ወደብ በመርከብ የሚኬድባት። ደም ሥራቸው ተዘግቶ ግራ እጃቸው ዛለ። ፊዚዮቴራፒስቷ “ጣቶቻቸው ሥራ እንዳይፈቱ፣ ደቃቅ ነገር ይያዙ” አለች። መጀመሪያ ባቄላ አስለቅማቸው ነበር። ሁለት ቀን ለቀሙና “እኔ ሕፃን ነኝ?” ብለው ሳህኑን ገፉት። የልጅ ልጃቸው ደግሞ በስጦታ አግኝቶ ሳይከፍተው የተወው ካርቶን ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። በውስጡ ቀጫጭን እንጨት፣ ክርና አንድ ትልቅ የታጠፈ ፕላን አለ። “ይህን አምጪ” አሉ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ፣ ከዒሻ ሶላታቸው በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ሥራችን እሱ ሆነ።

ፕላኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። እሳቸውም እኔም አናነበውም። ግን ፕላን ብዙ ቋንቋ አይፈልግም፤ ሥዕልና ቁጥር ነው። አንዲቱ መርከብ ሦስት ጊዜ ተሥላለች፤ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከፊት። ከጎንና ከላይ ያለው ወዲያው ገባኝ። ከፊት የተሣለው ግን አስቸገረኝ፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገባ መስመር ብቻ ነው። አንድ ቀን ሽንኩርት ለሁለት ስከፍል ቢላዬን ይዤ ቆምኩ። ያው ነው! የሽንኩርቱ ልጣጭ አንዱ በአንዱ ውስጥ እንዳለ፣ መርከቧም መሀሏ ሰፊ፣ ወደ ጫፏ እየጠበበች ስትሄድ ያለውን ቅርጽ ነው የሣሉት። እያንዳንዱ መስመር አንድ የጎድን አጥንት ነው።

ቀጥሎ ልኬት ነው። የእኛዋ 1 ለ64 ናት። ይህም ማለት በእውነተኛው መርከብ ላይ 64 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ በእኛዋ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። እውነተኛው 20 ሜትር ገደማ ነበር ማለት ነው። እንደ እኔ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት በዚያች መርከብ ላይ ብትቆም ቁመቷ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ከእናንተ አንዷ መሥራት ፈልጋ ፕላን ፎቶ ኮፒ ብታስደርግ፣ መጀመሪያ ኮፒውን በማስመሪያ ትለካው። ማሽኑ ትንሽ ካሳነሰው ወይም ካሳደገው እንጨቱ አይገጥምም።

ማስመሪያም አንድ ብቻ ያዙ። በስዊድን አገር፣ ስቶክሆልም፣ ቫሳ የሚባል ባለ 64 መድፍ የእንጨት የጦር መርከብ ተሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 10 ቀን 1628 የመጀመሪያ ጉዞውን ጀመረ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ነፋስ አጋደለው፣ በመድፍ መስኮቶቹ ውኃ ገባ፣ ሰጠመ። ወደ 30 ሰው ሞተ። በ1961 ከባሕር ሲያወጡት፣ ውስጡ የሠራተኞቹ አራት ማስመሪያዎች ተገኙ። ሁለቱ በስዊድን ጫማ የተሠሩ፣ 12 ኢንች ናቸው። ሁለቱ በአምስተርዳም ጫማ የተሠሩ፣ 11 ኢንች ናቸው። አንዱ በዚህ ይለካል፣ ሌላው በዚያ፤ የመርከቡም ሁለት ጎን እኩል አልሆነም። ያሰጠመው ዋናው ግን ላይኛው ክፍል ከታችኛው መክበዱ ነው።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። ከመሄዱ በፊት 30 ሰዎች ወለሉ ላይ ከጎን ወደ ጎን እየሮጡ ሚዛኑን ፈትነውት ነበር። ሦስት ጊዜ ሲሮጡ መርከቡ ክፉኛ ተወዛወዘ፤ አድሚራሉ “ይብቃ” ብሎ አስቆመ። ጠማማነቱ ታውቋል። ግን ንጉሡ ይቸኩል ነበር፣ ማንም “ይቅር” አላለም፣ ሄደ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ እኛዋ ልመለስ። ሥራው የሚጀምረው ከጀርባ አጥንቷ ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ ከሥር የሚሄደው ረጅሙ ኮምፔንሳቶ። በእሱ ላይ የጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ይሰካሉ። የጂዛንን ወበቅ ታውቁታላችሁ፤ ካርቶን ውስጥ የከረመው የጀርባ አጥንት ትንሽ ጎብጦ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ አራስኩት፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኝቼ ሁለት ከረጢት ሩዝ ጭኜበት አደርኩ። ጠዋት ቀጥ ብሎ ነበር። በዚህ ልቤ አበጠ። “ይሄ ለካ ቀላል ነው” አልኩ።

ስህተቴ የመጣው ከዚያ ነው። የጎድን አጥንቶቹን በኮላ ሰካሁ፤ ቀጥ ማለታቸውን ግን አንድ በአንድ አልፈተሽኩም። ከፊት ሦስተኛው ትንሽ ዘምሞ ነበር። አይቼዋለሁ፤ አላየሁትም አልላችሁም። “ሳንቃው ሲለብስ ይሸፈናል” ብዬ ነው ያለፍኩት። ከዚያ ሳንቃ ማልበስ ጀመርኩ፤ ቸኩዬ በአንድ ጎን ብቻ። የቀኙን ዘጠኝ ሳንቃ አለበስኩ፣ የግራው ባዶ ነበር። ኮላው ሲደርቅ እንጨቱን ወደ አንድ ጎን ሳበው።

አንድ ማታ ባባ ከቢር መርከቧን አነሡ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፊቷ እስከ ኋላዋ አዩ። “አዕወጅ” አሉ። ጠማማ ናት ማለታቸው ነው። አስቀመጧትና ሊተኙ ሄዱ።

እኅቶቼ፣ አለቀስኩ። ከጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ውዬ፣ በዚያችው በአንዲት ሰዓት የሠራሁት የሳምንታት ሥራ ነበር። ወለል አጥባለሁ፣ ማታ ይቆሽሻል። ምግብ አበስላለሁ፣ ተበልቶ ያልቃል። ጧት የማገኘው ማታ የተውኩትን የሆነ ሥራ እሱ ብቻ ነበር። ያም ጠመመ።

በማግስቱ ባባ ከቢር የሳምቡክ አሠራር ነገሩኝ። ሳምቡክ የእነሱ የእንጨት ጀልባ ነው። በልጅነታቸው ፈረሳን ውስጥ ሰዎች ለዕንቍ የሚጠልቁት በእሱ እየወጡ ነበር። የጥንት ጠራቢዎች ፕላን በወረቀት አይሥሉም ነበር። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሳንቃውን ይገጥማሉ፣ የጎድን አጥንቱን ከውስጥ ኋላ ያስገባሉ፤ የእኛዋ ተቃራኒ። “ታዲያ ያለ ፕላን በምን ያውቃሉ?” አልኳቸው። “በዓይንና በክር” አሉኝ። ከፊት እስከ ኋላ ክር ይወጥራሉ፤ ከክሩ ወደ ቀኝ ይለካሉ፣ ወደ ግራ ይለካሉ፤ እኩል ካልሆነ ያፈርሳሉ። “ያፈርሳሉ?” አልኳቸው። “በየብስ ሳለ ማፍረስ እንጨት ነው፤ በባሕር ላይ ሰው ነው” አሉኝ።

ከእናንተ መካከል ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ ተነሥታችሁ በሌሊት በእንጨት ጀልባ የተሻገራችሁ አላችሁ። ለእናንተ ይህ ቃል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ አልናገርበትም።

ስለ ፈረሳን ስንሰማ ግን ሌላም ነገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ የአክሱሙ ንጉሥ ዐፄ ካሌብ በናግራን የተገደሉትን ክርስቲያኖች ሰምቶ ሠራዊቱን በዚሁ በቀይ ባሕር አሻግሯል። ናግራን ዛሬ ከጂዛን በላይ፣ በሰሜን ምሥራቅ ያለችው ናጅራን ናት። መርከቦቹ የተሰበሰቡት በአዱሊስ ወደብ በጋበዛ ነው። በግሪክኛ የተጻፈው የቅዱስ ሂሩት ገድል መርከቦቹን ይቆጥራቸዋል፤ 60 ከየወደቡ መጡ፣ 10 ንጉሡ ራሱ አሠራ። ከ60ዎቹ መካከል 7ቱ የመጡት ከፈረሳን ነው! እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ የባባ ከቢርን እጅ ሳሸት ሌላ ሰው ሆነው ታዩኝ።

በዚያው ዘመን የነበረው ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ስለዚህ ባሕር መርከቦች ሲጽፍ፣ ሳንቃዎቹ በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተያያዙ ናቸው ይላል። የተሰፉ ነበሩ ማለት ነው፤ እንደ ልብስ። የተሰፋ ነገር ደግሞ ጥሩነቱ ይፈታል። የበሰበሰው ሳንቃ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል፣ እንደገና ይሰፋል። መፍታት ለእነዚያ ሰዎች ውርደት አልነበረም፤ የመርከብ ሥራ አካል ነበር።

እኔም ፈታሁ። ነጩ የእንጨት ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለሰልሳል። እርጥብ ጨርቅ አድርጌ በላዩ ካውያ አሳረፍኩ፤ እንፋሎቱ ሲገባ ሳንቃውን በቀጭን ቢላዋ ቀስ ብዬ አነሣሁ። ዘጠኙን ሳንቃ ለማንሣት አራት ማታ ፈጀብኝ። ሁለቱ ተሰበሩ፤ በአይስክሬም እንጨት ተካኋቸው። ያን ሦስተኛ የጎድን አጥንት አወጣሁት። ክር ወጠርኩ፣ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ክር ላይ ቁልፍ አስሬ አንጠለጠልኩ፣ ቀጥ ሲል አጣበቅሁ።

ሁለተኛው ማልበስ እንዴት እንደሆነ ለምትሠሩት ልንገር። አንድ ሳንቃ በቀኝ ካደረጋችሁ፣ ቀጣዩ በግራ። እንዲህ እያፈራረቃችሁ ስትሄዱ መሳሳቡ እኩል ይሆናል። ሳንቃው እንዲታጠፍ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በካውያ እያሞቃችሁ አጉብጡት። ኮላው እስኪደርቅ የልብስ መቆንጠጫ ይይዘዋል። ስፋቱም ከፊት እስከ ኋላ አንድ አይደለም። እኔ መሀሏን በክር ስለካ 60 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ሳንቃዬ 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 12 ሳንቃ ይፈልጋል። አፍንጫዋ ጋ ስለካ ግን 36 ሚሊ ሜትር ብቻ። እዚያ 12ቱ እንዲገቡ እያንዳንዱ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱን ሳንቃ ወደ ጫፉ አቀጠንኩት። ሹሩባ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ግንባር ላይ ቀጭን ተነሥቶ ወደ መሀል ይሰፋል። በግድ አንድ አድርጌ ልሥራ ብትሉ ይደራረባል።

አሁን ለምን ይህን ሁሉ እንደነገርኳችሁ ልበል።

ሳንቃውን ባነሣሁበት በአራተኛው ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። “አይተሽው ያለፍሽው ሌላ ዘማማ ነገር አለ?” የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እንዳለ አውቅ ነበር። ለአራት ዓመት ደሴ ላለው ወንድሜ ገንዘብ ልኬአለሁ። ቦታ ተገዛ፣ መሠረት ወጣ፣ ግድግዳ ተጀመረ እባላለሁ። ደብተር የለኝም፤ ስንት እንደላክሁ አላውቅም። አንድ ጊዜ “ቦታው በማን ስም ነው?” ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። እንዳይከፋው። “ሲያልቅ ይስተካከላል” አልኩ። ያ ነው የእኔ ሦስተኛ የጎድን አጥንት።

በፕላኑ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ስልኬ ላይ ካሉት የሐዋላ መልእክቶች ወር በወር፣ የላክሁትን በቀኝ፣ በእሱ የተሠራውን በግራ። ክሩን ወጥሬ ስለካ ቀኝና ግራው እኩል አልሆነም። ዓርብ ቀን ደወልኩ።

“ወንድም ጋሼ፣ እስኪ የግድግዳውን ፎቶ ላክልኝ።”

“ምነው፣ አታምኝኝም እንዴ?”

“አምንሃለሁ። ግን የእኔ ሥራ ነው፤ ላየው ፈለግሁ። ካርታውስ በማን ስም ነው?”

ዝም አለ። ከዚያ “በእኔ ስም ነው፤ አንቺ እዚህ የለሽም፣ ምን ላድርግ?” አለኝ።

ሌባ አልለውም። እናታችንን ያሳከመው እሱ ነው፤ ከላክሁት የጎደለው የእናቴ መድኃኒትና የልጆቹ ትምህርት ቤት ነበር። ግን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ወር ጀምሮ ገንዘቤ ሁለት ቦታ ይሄዳል። ለእናቴ የሚሆነው ተለይቶ ለወንድሜ፣ የቀረው አገር ቤት በራሴ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ። ስለ ካርታው በሽማግሌ እየተነጋገርን ነው፤ ገና አላለቀም። ወንድሜ ሦስት ወር ስልኬን አላነሣም። አሁን ያነሣል፤ ልቡ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ዋጋ የለውም አልላችሁም። ዘጠኝ ሳንቃ ሲነሣ ሁለቱ ተሰብረው የለ? ግድግዳው ገና ጣሪያ ሳይለብስ ግን ጠየቅሁ። ቤቱ አልቆ፣ እኔም አርጅቼ ስመለስ ብጠይቅ ኖሮ፣ እሱ በባሕር ላይ ማፍረስ ነበር።

የቫሳን ነገር ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሰዎቹ ሲሮጡበት መወዛወዙን ሁሉም አይቷል። የጠፋው ዕውቀት አይደለም፤ “ቆይ፣ እንፈትሽ” የሚል አንድ ሰው ነው። በራሳችን ሕይወት ላይ ያ ሰው ሌላ አይደለም፤ እኛ ነን። በሰው ቤት የምንሠራ ሰዎች ጊዜያችን የእኛ አይደለም፣ ምግቡ የእኛ አይደለም፣ ቤቱ የእኛ አይደለም። ልንጠይቅ የሚገባን ጥቂት ነገር አለ፤ እሱንም እንዳይከፋቸው ብለን እንሸፍነዋለን።

እንግዲህ ከእኔ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የላካችሁትን በደብተር ጻፉ፤ ዛሬ ማታ ጀምሩ። ሁለተኛ፣ የሚሠራላችሁን ነገር ገና ሳይሸፈን በፎቶም በወረቀትም እዩ፤ በማን ስም እንደሆነም ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ከቀኑ ውስጥ ሩብ ሰዓትም ትሁን፣ ማታ የማይበላና ጧት የማይቆሽሽ አንድ ነገር በእጃችሁ ሥሩ። ጥልፍ ይሁን፣ መርከብ ይሁን፣ ፊደል መማር ይሁን።

መርከቧ በ14 ወር አለቀች። ሸራዋን ከአሮጌ ትራስ ልብስ ቆረጥኩ፤ ጠርዙን በእጄ ሰፋሁ። ገመዶቿን ያሰሩት ባባ ከቢር ናቸው። መጀመሪያ በቀኝ እጃቸው ብቻ ነበር፣ ክሩን እኔ እይዝላቸው ነበር። ወደ መጨረሻው በግራ እጃቸው ሁለት ጣት ራሳቸው ያዙት። ፊዚዮቴራፒስቷ አይታ እጃቸውን ሳመች። አፍንጫዋ ጋ አሁንም ትንሽ እብጠት አላት፤ ያለ ስህተት አልቃለች አልልም። ከፊት ስትታይ ግን ቀጥ ያለች ናት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ወለሏን ከመክደናችን በፊት፣ ያን ፈትቼ እንደገና ያቆምኩትን ሦስተኛ የጎድን አጥንት ላይ በእርሳስ ስሜን ጻፍኩ፤ በአማርኛ፣ ከክርስትና ስሜ ጋር። ማንም እንዳያይ ብዬ ነበር። ባባ ከቢር አዩኝ። እርሳሱን ተቀበሉኝና፣ በዛለው ግራ እጃቸው እንጨቱን ደግፈው፣ ከስሜ አጠገብ ስማቸውን በዐረብኛ ጻፉ። ከዚያ “አሁን ዝጊ” አሉኝ።

እግዚአብሔር ለሁላችን ጤናውን፣ ለአገራችንም በሰላም መግባቱን ይስጠን። አሜን።